ገላጋይ ያጣ አንጀት

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የእህቷን ልጅ ሰገራ በማይክሮስኮፕ ስታይ ያን ዕለት አሥራ አራተኛ ጊዜዋ ነበር። በአሥራ ሦስቱ ምንም አላገኘችም። ሌላ ሰው ቢሆን «እንግዲህ ትል የለም» ብሎ እጁን ይሰበስብ ነበር። እሷ ግን እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣ ከሰው ሆድ ሲወጣ ያላየችው ጉድ ስለሌለ፣ ከእሷ ዓይን የሚያመልጥ ነገር አለ ብላ ማመን አልሆነላትም። ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር አንድም ቦታ ሳትዘል አሰሰችው። ደም አለ፤ መግል አለ። ትል ግን የለም፤ የትል እንቁላልም የለም፤ አሜባም የለም።

ልጁ የሰባት ወር ነው። ሲወለድ ግንባሩን ቋጥሮ የከበበውን ሰው ሁሉ ገልመጥ ስላደረገ አባቱ «ሻለቃ» አለው፤ በዚያው ጸና። በሁለተኛ ወሩ ያስቀምጠው ጀመር። ቆዳው ቀላ፣ ተላጠ። ከዚያ ወዲያ በቀን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ነው፤ የሚጠባው ወተት የት እንደሚገባ አይታወቅም። በሰባት ወሩ የሦስት ወር ሕፃን ያክል ነበር፤ የሻለቃነት ምልክት ሆኖ የቀረው ግልምጫው ብቻ ነው።

እናቱ ልብስ ሰፊ ናት። አባቱ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወር ግማሹን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የልጁ ሕመም ነገር ጠቅልሎ የወደቀው በአክስቱ ትከሻ ላይ ነው። ቤተሰቡ «ዶክተራችን» ነው የሚላት። መጀመሪያ መጀመሪያ «ዶክተር ሌላ፣ እኔ ሌላ» እያለች ታርማቸው ነበር፤ በኋላ ተወችው። ሰው በስህተት ሲሾም ሹመቱን ለመመለስ አይቸኩልም።

ደሙንም እሷው አየችው። ነጭ ሕዋሶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ቁጥራቸው ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ተርፏል። ከመሐላቸው ኢዮሲኖፊል የሚባሉት፣ ሆዳቸው ቀይ ፍሬ የሞላው ሕዋሶች፣ ከልክ በላይ በዝተዋል። ይህን ሲያይ የላቦራቶሪ ሰው ሐሳቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ ትል ነው። እንዲያ ብለው ነው ያስተማሯት፤ እሷም ለተለማማጆቿ እንዲያ ብላ ነው የምታስተምረው። ለእህቷም፣ የልጁ የበሽታ መከላከያ አላነሰም፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ጣጣው አንድ ቦታ የተደበቀ ትል ነው አለቻት። ቆጥሬዋለሁ ማለቷ እውነት ነው።

የትል መድኃኒት ሦስት ጊዜ ተሰጠው። ጡጦው ይቀቀላል፣ ማንኪያው ይቀቀላል፣ ውሃው አንዴ ፈልቶ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና ይፈላል። ሹፌሩ ከመንገድ ሲመለስ አንድ ብርጭቆ ተጎነጨና «እትዬ፣ ይሄን ውሃ እኮ ገደልሽው» ብሎ ቀለደባት። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ምን እንደነካ ቢያውቅ ኖሮ ምላሱን ይነክስ ነበር።

እዚህ ላይ የአክስትየዋን የሆድ ነገር ማውጣት ግድ ይላል። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ማሙሽ ይሉት ነበር። ስምንት ወር ሲሆነው አንድ ቀን እናቷ ልጁን ለእሷ ትታ ወጣች። የፈላው ውሃ አለቀ። ልጁ አለቀሰ። እሷም ከባልዲው ቀድታ አጠጣችው። በአራተኛው ቀን ሞተ። እናትየዋ ከቀብር መልስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት፤ ያጠጣሽው ውሃ ፈልቶ ነበር ወይ አለቻት። ልጅቱ ራሷን ግራ ቀኝ ወዘወዘች። ከዚያ ወዲያ የዚያ ሕፃን ስም በዚያ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። እናትየዋ «ዝም አይነቅዝም» የምትል ሴት ናት፤ ልብሱን ለሰው ሰጠች፣ ሰፈር ለወጠች፣ አፏን ዘጋች። ከሁለት ዓመት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ስትወለድ፣ ወንድም ነበረሽ ብሎ የሚነግራት አንድም ሰው በአካባቢው አልነበረም።

ትልቋ ግን ያችን አንዲት ጥያቄ ይዛ አደገች። ላቦራቶሪ የተማረችው በእሷ ምክንያት ነው። ልጅ ያልወለደችውም በእሷ ምክንያት ነው። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ አንድ የመድኃኒት ቤት ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ደጅ ጠንቷት ነበር፣ ደግ ሰው ነበር፣ እሷም ትወደው ነበር። ሕፃን በእጄ አይደግ ብላ በራሷ ላይ ፈርዳ መለሰችው። እንግዲህ የሻለቃን ሰገራ አሥራ አራት ጊዜ ስታስስ የምትፈልገው የሻለቃን ትል ብቻ አልነበረም። ያኔ ባልዲው ውስጥ የነበረውን ነገር ነው፤ አግኝታ፣ ስሙን አውቃ፣ በመድኃኒት ልትገድለው። እስከዚህ ድረስ ቢሆን ማንም አይፈርድባትም። ቀጥሎ በሆነው ግን ይፈረድባታል፤ እሷም በራሷ ላይ ፈርዳለች።

ልጁ እየከሳ ሲሄድ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ተላከ። የሕፃናት ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ስትጽፍ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ የምታደርግ ረጅም ሴት ናት። ሦስቱ ሴቶች ገቡ፤ ልብስ ሰፊዋ ልጁን አቅፋ፣ አክስት የውጤቱን ፋይል ታቅፋ፣ አያት ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ። ሐኪሟ ስለ ጡት አጠባቡ ጠየቀች፣ ስለ ክትባቱ ጠየቀች፣ ቆዳውን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ብዕሯን አነሣች።

«በእናት በኩል በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ ልጅ አለ? ወንድም፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ እናቷ ዞረች። አያት ወዲያው «የለም» አለች።

አክስትየዋ አንገቷን ደፍታ ፋይሉን ታገላብጥ ጀመር። ብናገር ምን ሆኖ ሞተ ትለኛለች፣ እኔም ያልፈላ ውሃ አጠጥቼው ልል ነው፣ በእናቴ ፊት፣ ምንም በማታውቀው እህቴ ፊት ብላ አሰበች። ደግሞ ያ የውሃ ነገር ነው፣ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል አለች በሆዷ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ስትመክር የኖረች ሴት ናት። ሐኪሟ «የለም» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

በዘር የሚወርድ ምልክት ከሌለ ሐኪም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከሚያጋጥመው ነው። ስለዚህ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ታከመ። የላም ወተት አልስማማ ብሎት ይሆናል ተብሎ ወተቱ ተለወጠ፤ ደግሞ ተለወጠ። ነጭ ሕዋሶችን በየዓይነታቸው የሚለይ ምርመራ ነበረ፤ ግን ናሙናው ሩቅ ተልኮ የሚሠራ ስለሆነ ያለ በቂ ምክንያት አይታዘዝም፤ አልታዘዘም። አራት ወር እንዲሁ ሄደ። በአራተኛው ወር ልጁ ጭራሽ የስኳር በሽታ ያዘው። ሐኪሟ ያን ጊዜ ደነገጠች። አንጀት፣ ቆዳ፣ ስኳር፣ ሦስቱ በአንድ ሕፃን ላይ ሲገጥሙ አልወደደችውም። አንጀቱን በካሜራ አይታ ከግድግዳው ቆንጥራ ወሰደች፤ ደሙንም ወደ ሩቁ ላቦራቶሪ ላከች።

ውጤቱ የመጣ ቀን አያት አልነበረችም። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ክብ ክብ እየሠራች ለሁለቱ እህትማማቾች አስረዳቻቸው። ነጭ ሕዋስ ሁሉ ሥራው መዋጋት አይደለም አለች። ጥቂቶቹ ገላጋዮች ናቸው። ሌሎቹ ተቆጥተው ሲነሡ መሐል ይገቡና፣ ይሄ ምግብ ነው፣ ይሄ የገዛ ቤታችሁ ነው፣ በቃ ይሏቸዋል። ሻለቃ እነዚያ ገላጋዮች የሉትም። ስለዚህ የቀሩት ሕዋሶቹ የገዛ አንጀቱን፣ ቆዳውን፣ ቆሽቱን እንደ ጠላት ይደበድባሉ። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀቱ የውስጥ ገጽ ተልጦ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ትል የለም፤ ኖሮም አያውቅም።

«እኔ እኮ ቆጥሬያቸው ነበር» አለች አክስትየዋ። «ሙሉ ነበሩ።»

«በማይክሮስኮፕ አይለዩም፤ መልካቸው አንድ ነው» አለች ሐኪሟ። «እኔም ባየው አላገኘውም ነበር። ራስዎን አይውቀሱ።»

ከዚያ ማስረዳቷን ቀጠለች። ሕመሙ በእናት በኩል የሚመጣ ነው፤ ሴቶቹ ይሸከሙታል እንጂ አያማቸውም። የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው፤ ካልታወቀላቸው ገና በሕፃንነታቸው በተቅማጥ ያልቃሉ። ያኔ መጀመሪያ ስትመጡ የጠየቅኋችሁ ለዚህ ነበር አለች፣ ምንም ክፋት ሳታስብ።

በአክስትየዋ አእምሮ ውስጥ ሁለት ነገር ተከታትሎ ገባ። አንደኛው፣ ውሃው አይደለም የሚል ነው። ማሙሽን የገደልኩት እኔ አይደለሁም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሣላት፤ የተነሣላት ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ሁለተኛው፣ ያኔ ብናገር ኖሮ የሚለው፣ ትንፋሹን እንኳ ሳያስጨርሳት መጣ።

«ወንድም ነበረን» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ስምንት ወር እንደነበር፣ ስለ ባልዲው፣ ስለ አራተኛው ቀን። እየተናገረች ሳለ ረስታው የኖረችው ትዝ አላት፤ ማሙሽ ውሃውን ከመጠጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ከሲታ ነበር፣ ጉንጩ ይላጥ ነበር፣ የሚለወጥለት ጨርቅ ገመድ አይበቃውም ነበር። ሐኪሟ አልተቆጣችም። የፋይሉን ገጾች ወደ ኋላ ገልብጣ የመጀመሪያውን ቀን አገኘችና ቀኑን አየችው፤ ከዚያ ፋይሉን ዘጋችው። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ልጇን አንሥታ ቆመች።

«አራት ወር» አለች። ልጇን እንዳቀፈች ወጣች።

መድኃኒቱ የአጥንት መቅኔ ነው። ከእህት ወይም ከወንድም ተወስዶ ለልጁ ሲሰጠው፣ በውስጡ አዲስ ሕዋሶች ከነገላጋዮቻቸው ይበቅላሉ። ልብስ ሰፊዋ አንድ የሰባት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፤ ካፏ ወሬ ስለማይጠፋ ለፍላፊዋ ይሏታል። ተመረመረች፤ የእሷ መቅኔ ከሻለቃ ጋር ልክክ ብሎ ገጠመ። ልጅቱ ኩራቷ አልቻላት። ክፍል ውስጥ ተነሥታ፣ ወንድሜ ገላጋይ ስለሌለው እኔ ልሰጠው ነው ብላ ለአስተማሪዋ ተናገረች፤ ትምህርት ቤት ልጆች ሲጣሉም ሁልጊዜ የምገላግለው እኔ ነኝ ብላ ጨመረችበት።

ነገር ግን መቅኔው ከመሰጠቱ በፊት ልጁ ብርቱ መድኃኒት መቋቋም አለበት፤ ለዚያ ደግሞ አቅም ያስፈልጋል። ከአራት ወር በፊት አምስት ኪሎ ተኩል ነበር፤ አሁን አራት ተኩል ነው። በደም ሥሩ ይመግቡት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሦስት መቶ ግራም ጨመረ፤ ሹፌሩ የሚዛኑን ቁጥር በስልኩ አንሥቶ ላወቀውም ላላወቀውም ላከ። በሚቀጥለው ሳምንት በቱቦው በኩል ደሙ ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ። ሦስት ቀን ቆየ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በአንድ ዓመት ከሁለት ወሩ፣ እናቱ ክንድ ላይ እንዳለ ሞተ። ያ ሁልጊዜ ተቋጥሮ የኖረው ግንባሩ ያን ጊዜ ተፈታ።

ለፍላፊዋ ቀኑን ሙሉ ዝም አለች። አመሻሹ ላይ አባቷ ጭን ላይ ወጥታ፣ ታዲያ መቅኔዬን አሁን ለማን ልስጠው ብላ ጠየቀችው። ሹፌሩ ያን ሁሉ ዓመት ተራራ ለተራራ ሲነዳ ያልተንቀጠቀጠ ሰውዬ፣ ልጅቱን መሬት አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣና ግድግዳ ተደግፎ ተንሰቀሰቀ።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ ወዲህ ከእህቷ ጋር አትነጋገርም። ግድ ሲሆንባት በልጇ በኩል ነው፤ «ለአክስትሽ ወንበር ስጫት» ትላለች፣ አክስትየዋ ፊት ለፊቷ ቆማ እያለች። ለባሏ፣ እማዬስ አሮጊት ናት፣ ረስታው ይሆናል፣ የተማረችው ግን እያወቀች ነው ልጄን የቀበረችው ብላዋለች። ቃሉ ዞሮ ዞሮ ከአክስትየዋ ጆሮ ደረሰ። አልተከራከረችም።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሁሉም አያት ቤት ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ በወዲያኛው ክፍል መጋረጃ ትሰፋለች፤ መኪናው ይንቀረቀራል፣ ለፍላፊዋ ከመኪናው በላይ ታወራለች። አያት ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። አክስትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ብዙ ቀን ስታምጠው የቆየችውን ነገር አወጣችው።

«እማዬ፣ ማሙሽን የገደለው ውሃው አይደለም። ሐኪሟ ነግራኛለች።»

የአያት እጅ ከምስሩ አልተነሣም። «አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።» አንድ ጠጠር ለቅማ በመስኮቱ ወረወረች። «ካንቺ በፊት አንድ ነበረኝ። ወንድ። በአባትሽ አገር ሳለን። በአምስት ወሩ እንደዚሁ አስቀምጦት፣ ቆዳው ተልጦ ሞተ። የአባትሽ እናት ማህፀንሽ ወንድ ይበላል አለችኝ። ከዚያ ማሙሽንም ሲጀምረው ገባኝ። እንደማያድግልኝ እያወቅሁ ነው ያጠባሁት።»

አክስትየዋ ወደ እናቷ ዞረች። «ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ? ውሃው ፈልቶ ነበር ወይ ብለሽ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ውሃ በሆነ ብዬ» አለች አያት። «ውሃ ከሆነ ይፈላል። ማህፀን ምን ይደረጋል?»

«የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ።»

«ነበርሽ።»

«ልጅ ያልወለድኩት በዚህ ነው። ያንን ሰውዬ የመለስኩት በዚህ ነው፤ ታውቂያለሽ?»

አያት አሁን ቀና አለች። ዓይኖቿ ደርቀዋል። «አውቃለሁ። አንቺ እንኳ ልጅ አትቀብሪም ብዬ ደስ አለኝ።»

እንዲህ ያለውን ፍቅር ምን ብለው ይጠሩታል? አክስትየዋ እናቷን ማቀፍም፣ ትሪውን አንሥቶ መሬት ላይ መድፋትም አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም። አያት ግን የልጇን ፊት አንብባ እጇን ያዘችና ትለምናት ጀመር። ለታናሽሽ አትንገሪያት አለች። አንቺን ተቆጥታ ይበርድላታል፣ እህቷ ነሽ፤ እኔን ግን ጥላኝ ትሄዳለች፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን አለኝ አለች። ደግሞ የሞተው ሞቷል፣ ብትነግሪያትስ ማን ይነሣል?

ነገሩ ውሸት አልነበረም። የሞተው አይነሣም። አክስትየዋም ዝም ማለት ጠፍቷት አያውቅም፤ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ነው። በወዲያኛው ክፍል ግን ለፍላፊዋ ለእናቷ፣ እኔ ሳድግ ስድስት ልጅ ነው የምወልደው፣ ሦስቱ ወንድ ይሆናሉ እያለች ነው።

አክስትየዋ እጇን ከእናቷ እጅ አስለቅቃ ተነሣች። በሩን ከፈተችው። የስፌት መኪናው ቆመ።

«ነይ እስቲ» አለች። «እማዬ የምትነግርሽ አለ።»

ልብስ ሰፊዋ እህቷን እንዳላየቻት ሆና አልፋት ገባች፤ ለፍላፊዋም ተከትላት ገባች፣ ያስወጣት ሰው አልነበረም። አያት ትሪውን መሬት አስቀመጠች። ሁለት ወንድሞች ነበሯችሁ ብላ ጀመረች፤ ከጀመረች በኋላ ግን ምንም አላስቀረችም፣ የመጀመሪያውን ልጅ፣ ሁለተኛውን፣ ሐኪሟ ፊት «የለም» ያለችውን፣ ባልዲውን። ልብስ ሰፊዋ እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ሰማቻት። አላለቀሰችም።

«ሁለት አይደሉም እማዬ» አለች። «ሦስት ናቸው። የእኔን ጨምሪበት።»

አያት ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ልብስ ሰፊዋ እግሯ ሥር የተቀመጠችውን ልጇን አየች። ከዚያ ከሁለት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ እህቷን በዓይኗ አየቻት።

«እትዬ» አለች፣ «እሷንስ፣ ትሸከመው እንደሆነ፣ መቼ ነው የምናስመረምራት?»

«ሰኞ» አለች አክስትየዋ። «አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»